ወደኋላ እየሄዱ መጠበቅ

በደንብ የምታውቁትን ነገር ለአንድ ሰው ስታስረዱ ቆይታችሁ፣ ሰውየውም በትዕግሥት አዳምጧችሁ፣ መጨረሻ ላይ በአንዲት አጭር ጥያቄ የደከማችሁበትን ሁሉ አፍርሶባችሁ ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል። ሮቤ ውስጥ የስፖርት መምህር ነኝ። ማስረዳት እወዳለሁ፤ እንዲያውም ተማሪዎቼ "ቲቸር ስለ ሩጫ አስረድቶ ሲጨርስ ደወል ይደወላል" እያሉ ያሙኛል። ያን ቀን የገጠመችኝ ጥያቄ ግን ይህች ነበረች፦ "ታዲያ ልጄ ለምን ይሸሻል?"

ነገሩን ከሥሩ ላስቀምጠው። ጠያቂው ከጎባ ከፍ ብሎ፣ ወደ ተራራው በሚወጣው መንገድ ዳር ገብስ የሚያርሱ ሽማግሌ ናቸው። እኔ ሮቤ የተከራየሁት ቤት የእህታቸው ነው፤ እህትየዋን እትዬ፣ ሽማግሌውን አባባ እላቸዋለሁ። የሽማግሌው ልጅ ደግሞ ስዊድን ውስጥ በበረዶ ላይ ሆኪ የሚጫወት ተከላካይ ነው። መጫወት እንጀራው ነው ማለቴ ነው፤ ደመወዝ የሚከፈለው፣ የዕድሜውን ከግማሽ በላይ የሰጠበት። እናቱ ጎባ ነርስ ነበሩ። ለትምህርት ወጥተው እዚያው ሥራ ሲያገኙ ልጁን ወሰዱት። አባትየው መሬቱንና ያረጁ እናታቸውን ጥለው መሄድ አልሆነላቸውም። ልጁ በየጥቂት ዓመቱ እየመጣ ይጠይቃቸዋል፤ ስለ ሥራው ሲነሳ "ጨዋታ ነው አባ" ብሎ ያልፈዋል። በዚህ ዓመት ግን ጉልበቱ አልሆን ብሎት ጨዋታውን አቆመና፣ የገና በዓል እስኪያልፍ ሊቆይ መጣ። ከዚያ በኋላ ትንንሽ ተከላካዮችን የማሠልጠን ሥራ እዚያ ይጠብቀዋል።

ጨዋታውን ለማያውቅ ባጭሩ፦ ሜዳው እንደ መስታወት የለሰለሰ በረዶ ነው፤ ዙሪያውን ግድግዳ አለው። ተጫዋቾቹ ከሥሩ የብረት ስለት ያለው ጫማ ያደርጋሉ፤ በቆልማማ ዱላ ጠፍጣፋና ጠንካራ ጎማ ይመታሉ። ከየቡድኑ በረኛና አምስት ሰው ይገባል፤ ከአምስቱ ሁለቱ ተከላካዮች ናቸው። ባጭሩ ያልኩት እውነት ነው፤ ለአባትየው ያስረዳሁት ከዚህ እጅግ ይረዝም ነበር።

ቀኑ እሑድ ነበር። አባትየው ሮቤ ወርደው እትዬ ቤት ምሳ ቀርቧል፤ ቅቅል ድንችና ቃሪያ። ልጁም አለ።

"ባርሲሳ" አሉኝ፤ በኦሮምኛ መምህር ማለት ነው፣ በሌላ ስም ጠርተውኝ አያውቁም። "እስቲ አንተ ንገረኝ። ይሄ ልጅ ተከላካይ ነኝ ይለኛል። ስንት አገባህ ስለው ይስቃል።"

"አባባ፣ የተከላካይ ሥራው ማግባት አይደለም፤ እንዳይገባ ማድረግ ነው።"

"እንዳይገባ የሚያደርግ በረኛ አለ አላላችሁም?"

"አለ።"

"ታዲያ እሱ ምን ይሠራል?"

እንዲህ ያለ ጥያቄ ለኔ ግብዣ ነው። የጨው ዕቃውን ጎል አደረግሁት። ቃሪያዎቹን አጥቂ ብዬ በሰልፍ ደረደርኳቸው። ከሳህኑ አንድ ድንች አነሳሁና ከጨው ዕቃው ፊት አቆምኩት።

"ይሄ ልጅዎ ነው።"

"ኧረ ጉድ ነው!" አሉ እትዬ። "ይቺን ያክላል ልጃችን? ትልቁን አንሳ እንጂ!"

በትልቁ ቀየርኩት። አጥቂው በዚህ ሲመጣ፣ ተከላካዩ በዚያ ሲዘጋ፣ እያልኩ ድንቹን ወዲያና ወዲህ ሳንሸራትት፣ አባባ ዋናውን አጥቂ አንስተው ቆረጠሙት።

"በል፣ እኔም ተከላከልኩ" አሉ።

ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ ልጁም ከሁላችን በላይ ሳቀ። ያኔ ማብቃት ነበረበት። እኔ ግን ማስረጃ ላቅርብ ብዬ በስልኬ ቪድዮ አወጣሁ። የባላጋራ አጥቂ ጎማውን እየገፋ፣ ቁልቁለት እንደያዘ ባጃጅ ተወርውሮ ይመጣል። ልጃቸው ፊቱን ወደ አጥቂው እንዳደረገ ወደኋላ ይንሸራተታል፤ አጥቂው ወደፊት በሚመጣበት ፍጥነት ልክ ወደኋላ። እንደዚህ ወደኋላ፣ ወደኋላ፣ ከዚያ ሁለቱም ከግድግዳው ጋር ይጋጩና ጎማው ወደ ሌላ ሰው ይሄዳል። እኔ ባየሁት ቁጥር ትንፋሼ ይቆማል።

አባባ ስልኩን ከዓይናቸው አርቀው ያዙት። "ድገመው" አሉ። ደገምኩት። ሌላ ጨዋታ አሳየሁ። እዚያም ልጃቸው ወደኋላ ነው። ሦስተኛ አሳየሁ። ስልኩን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ነው እንግዲህ ያን ጥያቄ የጠየቁኝ።

"ታዲያ ልጄ ለምን ይሸሻል?"

በንቀት ቢጠይቁኝ መልስ አላጣም ነበር። ድምፃቸው ውስጥ የነበረው ሐዘን ነው። "የሌላው ልጅ ወደፊት ይመጣል፤ የኔ ወደኋላ ይሄዳል። ሰው አገር ያለ አባት አድጎ ነው። አጠገቡ ብሆን እንዲህ አይፈራም ነበር።"

ልጁ ከተቀመጠበት ተነሥቶ ወደ ግቢው ወጣ። ተከትዬው ስወጣ አጥሩን ተደግፎ ቆሟል። "ሥራዬን ባያውቀው ምንም አልነበረም" አለኝ። "አሁን ግን ፈሪ ልጅ አለኝ ብሎ ሊኖር ነው፤ ጥፋቱንም የራሱ አድርጎታል። ከመሄዴ በፊት አንድ ጊዜ ቢያየኝ። በስልክ ሳይሆን በዓይኑ።"

በዓይን ለማየት ደግሞ በረዶ ያስፈልጋል። ባሌ ውስጥ በረዶ ማለት ስንዴና ገብስ ደርሶ ሳለ ከሰማይ ወርዶ የሚያወድም መዓት እንጂ ሰው የሚቆምበት መሬት አይደለም።

በማግስቱ እስኪ ለኔ እንኳ አሳየኝ ብዬ ወደ ትምህርት ቤታችን ሜዳ ወሰድኩት። ከተማሪዎቼ በሩጫም በኳስም የሚቀድመው የሌለውን መረጥኩለት። ተማሪው የሰውየውን ሽበት የጀመረ ጢምና ሸንከል የሚለውን እግሩን አየና "ቲቸር፣ ጋሼን እንዳልጥላቸው" አለ፤ ጓደኞቹ አጨበጨቡለት።

ተከላካዩ የመጥረጊያ እንጨት ይዞ ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ ቆመ። ተማሪው ኳሱን እየገፋ መጣ። ሰውየው ወደኋላ መሄድ ጀመረ፤ ሸንከል ማለቱ የት እንደገባ አላውቅም። ተማሪው ወደ ግራ አታለለ፤ ሰውየው አልተነቃነቀም። ወደ ቀኝ ሲሰብር ሰውየው ቀድሞት እዚያ ነበር። ተማሪው የሚሄድበት መንገድ እየጠበበ፣ እየጠበበ፣ ሳያውቀው የሜዳውን መስመር አልፎ ከአጥሩ ጋር ተላተመ። ኳሱ በሰውየው እግር ሥር ቀረ። ደጋግሞ ሞከረ፣ ጓደኞቹም ተራ በተራ ሞከሩ። ያለፈው የለም። መሳለቁ ቆመ፤ እኔም ፊሽካውን አፌ ውስጥ ረስቼዋለሁ።

"ዓይኔን አየኸው ወዴት እንደነበረ?" አለኝ ሣሩ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን እያሸ። "ኳሱን አላየሁም። ኳስ ይዋሻል፣ እግርም ይዋሻል። ደረት ግን አይዋሽም፤ ደረቱ ያልዞረበት ቦታ ሰው መሄድ አይችልም። ከዚያ በአንድ ዱላ ርቀት አብረኸው መሄድ ነው። ከሮጥክበት ያልፍሃል። ከሸሸህ ደግሞ ጎሉን ሰጠኸው። መሃሉን ትከለክለዋለህ፣ ዳሩን ትለቅለታለህ። ዳር ላይ ግድግዳ አለ፤ የቀረውን ግድግዳው ይጨርስልሃል።"

እንዴት እንደጀመረም ያን ቀን ነገረኝ። እዚያ አገር ሲደርስ እኩዮቹ መራመድ ከቻሉበት ጊዜ ጀምሮ በረዶ ላይ ያደጉ ነበሩ። ወደፊት ሲሄዱ ሊደርስባቸው አልቻለም፤ ይወድቃል፣ ይስቁበታል። አሠልጣኙ ጠራውና "ወደኋላ መሄድ ሁሉም ያስጠላቸዋል። አንተ ከዚያ ጀምር፤ እዚያ ማንም አልቀደመህም" አለው። ከዚያ ወዲያ በየማለዳው ከትምህርት ቤት በፊት፣ ባዶ ሜዳ ላይ፣ ወደኋላ። የፊት ጥርሶቹን አጥቷል። ወደ ጎሉ የሚወረወረውን ጎማ ወድቆ በሰውነቱ ማቆምም የተከላካይ ሥራ ነው፤ ቅልጥሙን አስነካኝ፣ እንደ ወንዝ ድንጋይ እብጥ እብጥ ይላል። እነዚያ እብጠቶች እያንዳንዳቸው ሊገባ የነበረ ጎል ናቸው። ሰው ግን ያልገባ ጎል አይቆጥርም። ለዚህ ብሎ አጥንቱን የሚሰጥ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ሣር ሲነጭ ማየት ምን እንደሚመስል አሁንም በትክክል መጻፍ አልችልም።

እንግዲህ ዕቅድ አወጣሁ። ወሩ ታኅሣሥ ነው። ሰማዩ በጠራበት ሌሊት ከጎባ በላይ፣ ሳነቴ አምባ ላይ ያሉት ኩሬዎች ፊታቸው እንደሚረጋ ሾፌሮች ነግረውኛል። አባባን ለምነን፣ በዚያ አልፎ ወደ ደሎ መና በሚሄድ መኪና ሦስታችን በማለዳ ወጣን። ልጁ ባለ ስለቱን ጫማ በከረጢት ይዟል። ሜዳው በአመዳይ ነጥቷል፤ ሣሩ ስንረግጠው ይንኮሻኮሻል። ኩሬው ዳር ስንደርስ እውነትም በረዶ ሠርቷል፤ ፀሐይዋ ስትወጣበት እንደ ወርቅ አበራ።

ልጁ ተንበርክኮ መዳፉን አሳረፈበት። ቀጭ አለና ተሰነጠቀ፤ ውሃው በጣቶቹ መሃል ወጣ። ውፍረቱ ከመስኮት መስታወት አይበልጥም።

"የምትቆምበት ይሄ ነው?" አሉ አባባ።

"አይ አባ። የኛ እንደ ሲሚንቶ ነው።"

አባባ "የኛ" የምትለዋን ቃል ሰምተው ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሳቡ። እኔ ውሃ ከላይ ወደ ታች ለምን እንደሚረጋ ማስረዳት ጀመርኩ። ሁለቱም ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ወደ ፀሐይዋ ዞሩ። መኪና እስክናገኝ ኩሬው ቀልጦ አለቀ። ጫማው ከከረጢቱ አልወጣም።

ከሰዓት በኋላ አባባ ማሳ አጠገብ ወረድን። ገና ከመኪናው እግራችንን ስናነሳ ከላይ በኩል የጎረቤት ሴት ጩኸት መጣ። "ከርከሮ! ከርከሮ ገባ!"

ገብስ ሲደርስ ከጫካው የሚወርደው ከርከሮ እዚህ የሁሉም ገበሬ ጠላት ነው። የአባባ ማሳ በአንድ ወገን በድንጋይ ካብ ታጥሯል። ከካቡ ሥር ያለው ጠባብ መሬት ታጭዷል፤ ከዚያ ወዲያ ያልታጨደው ገብስ ቆሟል። ካቡ ታች በኩል ፈርሶ ወደ ሸለቆው የሚያወርድ ክፍተት አለው። ከከርከሮዎቹ ብዙዎቹ ጩኸቱን ሰምተው ሸሽተዋል። አንድ ትልቅ ወንድ ከርከሮ ብቻ፣ ጥርሱ እንደ ማጭድ የታጠፈ፣ የታጨደው ላይ ቆሞ ቀርቷል።

እኔ የስፖርት መምህር ነኝ፤ ሮጥኩበት። የአጥር እንጨት ነቅዬ እየጮህኩ በቀጥታ ሄድኩ። አባባ ከኋላዬ "አትሩጥበት! ባርሲሳ፣ አትሩጥበት!" ሲሉ እሰማለሁ፤ ግን ፍጥነት ይዤ ነበር። ከርከሮው አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ጎን ሸርተት አለ፤ እኔ ገለባው ላይ ተዘረጋሁ። ቀና ስል አንገቱን ወደ ቆመው ገብስ አዙሯል። የዓመቱ ምግብ ያለው እዚያ ነው።

በገብሱና በከርከሮው መሃል ግን ልጁ ነበር። መቼ ዞሮ እዚያ እንደደረሰ አላየሁም። የአባቱን ዱላ ይዟል፤ ጫፉን ወደ መሬት ዝቅ አድርጎ፣ ጉልበቱን አጥፎ። ከርከሮው ሲመጣበት ልጁ ወደኋላ መሄድ ጀመረ።

በዚያ ጉድባና ጓል በበዛበት መሬት አንድ ጊዜ እንኳ ወደኋላው ዞሮ አላየም። እንስሳው ወደ ግራ ራሱን ወረወረ፤ ልጁ አልተታለለም። ወደ ቀኝ ተወረወረ፤ ዱላው ቀድሞ እዚያ ነበር። አልመታውም፣ አልጮኸበትም። በመሃላቸው ያለው ርቀት አልጠበበም፣ አልሰፋም። ሁለቱ በማይታይ ገመድ የታሰሩ ይመስል በካቡ ጥግ ጥግ ቁልቁል ወረዱ፤ ልጁ በገብሱ በኩል፣ ከርከሮው በካቡ በኩል። የእንስሳው መንገድ እየጠበበ ሄደ። ከፈረሰው ካብ ሲደርሱ ልጁ ቆመ። ከዚያ ወዲያ አንዲትም እርምጃ ወደኋላ አላለም። ከርከሮው አየው፣ አጉረመረመ፣ ሌላ የቀረለት መንገድ አልነበረምና ጅራቱን እንደ አንቴና አቁሞ በክፍተቱ ወደ ሸለቆው ወረደ።

ከዚያ ገብሱን ሲነካው የነበረው ንፋስ ብቻ ተሰማ።

አባባ ማሳው መሃል እንደቆሙ ናቸው። እዚህ አገር ገብስ ሲጠበቅ የሚደረገው ይኸው ነው፤ በከርከሮ ላይ አይሮጡበትም። የተጣደፈ ሰው ጭኑን ያስቀድዳል። ፊት ለፊት ይዘው፣ መሬት እየለቀቁለት፣ ገብሱን እየከለሉ ወደሚሄድበት ይሸኙታል። እሳቸውም ዕድሜ ልካቸውን ያደረጉት ይህንኑ ነው። ወደ ልጃቸው ሳይሆን ወደ እኔ ዞሩ።

"ባርሲሳ፣ በስልኩ ውስጥ ሲያደርገው የነበረው ይሄንን ነው?"

ለዚህ የሚሆን ብዙ ማብራሪያ ነበረኝ። "አዎ" አልኩ ብቻ።

ወደ ልጃቸው ሄዱ። ጉልበቱን ይዞ እያለከለከ ነበር። እግሩን አዩት፣ የመጣበትን መንገድ አዩት፣ ከዚያ ያልተነካውን ገብስ።

"ኢልማ ኮ" አሉት፤ ልጄ ማለት ነው። "ገብሱን ከልክለህ ገደሉን ሰጠኸው።"

"አዎ አባ።"

"ማን አስተማረህ?"

"እዚያ አሠልጣኝ ነበረኝ።"

"እሱ አገር ከርከሮ አለ እንዴ?"

"ሞልቷል። ጥርስ ብቻ ነው የሌላቸው" አለና ከንፈሩን ገልጦ የራሱን ባዶ ድድ አሳያቸው። አባባ በሳቅ ብዛት የልጃቸውን ትከሻ ይዘው ነው የቆሙት። ከሳቁ በኋላም እጃቸውን አላነሡም።

ሳይመሽ ቤታቸው ደጃፍ ተቀመጥን። አባባ ራሳቸው "ያን ስልክ አምጣው" አሉኝ። ያው ቪድዮ ነው። አጥቂው ተወርውሮ ይመጣል፣ ልጃቸው ወደኋላ ይንሸራተታል። "ቆይ፣ ቆይ፣ አትቸኩልበት" ይላሉ ስልኩን። "አሁን! አሁን ወደ ካቡ!" ሁለቱ ግድግዳውን ሲመቱ አባባ መሬቱን በዱላቸው መቱት። ቀጥሎ የልጃቸው ቡድን ጎል አግብቶ ሕዝቡ ሲያብድ ግን ቀና ብለው አላዩም፤ "ወደ ልጄ መልሰው" አሉኝ።

የጎረቤታቸው ሽማግሌ በመንገድ ሲያልፉ ጠሯቸው። "ና እየው፣ ልጄ ገብስ ሲጠብቅ!"

ጎረቤትየው ጎንበስ ብለው በጣም አተኩረው አዩ። "ይሄ ነጭ መሬት ነው እንጂ። ገብሱ የታለ?"

"ከኋላው ነው" አሉ አባባ። "አይታይህም?"

ልጁ ፊቱን ወደ ተራራው አዞረ። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ የማስረዳው ነገር አልነበረኝም።

ገና አለፈ፣ እሱም ሄደ። አሁን እዚያ ለትንንሽ ልጆች ወደኋላ መሄድ ያስተምራል። እኔ ለተማሪዎቼ ሩጫ ከማስተማሬ በፊት ይህን አሠራቸዋለሁ፤ እናንተም እባካችሁ ሞክሩት። አንድ ወዳጃችሁ ወደ እናንተ ይምጣ፤ እናንተ ፊታችሁን ሳታዞሩ፣ አንድ ዱላ ያህል ርቃችሁ፣ ዓይናችሁን ደረቱ ላይ አድርጋችሁ ወደኋላ ሂዱ። ዞሮ መሮጥ እንዴት እንደሚያምራችሁ፣ ዘሎ መያዝም እንዴት እንደሚያጓጓ ያኔ ታዩታላችሁ። ሁለቱንም ተዉ። ከኋላችሁ አንድ ማሳ ገብስ እንደቆመ አስቡና ሂዱ።